መደርደሪያው ላይ ያለችው ትንሿ የእሽቅድምድም መኪና መጫወቻ አይደለችም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ኢቃማ ወይም ስለ ትኬት አይደለም። ስለ አንዲት ትንሽ መኪና ነው። አትሳቁብኝ፤ በእንደዚህ ያለች መኪና ምክንያት የሁለት ወር ደሞዜ ሄዷል። ያኔ የማላውቀውን አሁን ስለማውቅ፣ ሌላዋ እህቴ እንደ እኔ ከፍላ እንዳትማረው ብዬ ነው።

አንቺም የምትሠሪበት ቤት ውስጥ አይተሻት ይሆናል። መጅሊሱ ውስጥ ወይም የባባ ቢሮ ውስጥ፣ በመስታወት ቡፌ ወይም በክፍት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች፣ አንድ ስንዝር የምትሆን መኪና። ጣሪያ የላትም። ጎማዎቿ ከገላዋ ወደ ውጭ ወጥተዋል፣ አፍንጫዋ ረዘም ይላል፣ ቀለሟ ብርማ ነው፣ መቀመጫዋ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለልጆች የተገዛች ይመስልሻል። ግን ልጆቹ እንዲነኳት አይፈቀድላቸውም። የመጀመሪያው ምልክት ይሄ ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት ልጅ የማይነካት መኪና ካለች፣ መጫወቻ አይደለችም።

እኔ ይህን ምልክት አላየሁም። ጅዳ ከገባሁ ገና ሦስተኛ ወሬ ነበር፣ ቤቱም የመጀመሪያ ቤቴ ነው። ማዳም መጅሊሱን አጽጂ አለችኝ። እኛ አገር እንግዲህ ቡፌ ላይ ያለ ዕቃ የሚወለወለው በእርጥብ ጨርቅ ነው። ጨርቁን አራስኩ፣ ሳሙና ጠብ አደረግኩበት፣ መኪናዋን ከላይ በአንድ እጄ ይዤ ወለወልኳት። ከሹፌሩ ፊት ነፋስ የምትከልለው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፕላስቲክ ከጨርቁ ጋር ተነቅላ መጣች። ልቤ ወረደ። ዙሪያዬን አየሁ፣ ማንም የለም። ጨርቁን ቆሻሻ መጣያው ላይ አራገፍኩት። መኪናዋን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኳት፣ ያ ደግሞ ጭራሽ ያስታውቅ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለቤቱ ለእንግዳ ሊያሳይ ሲያነሳት አየ። ጠራኝ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ማን ሰበራት ብሎ አይደለም፤ ስባሪዋ የት አለች ነው ያለኝ። ዐረብኛዬ ገና ስለነበር «ማፊ» አልኩት። የጮኸው ያኔ ነው። ወር 1000 ሪያል ነበር የማገኘው፣ ሁለት ወር ሙሉ ሳይሰጡኝ ቀረ። እናቴ ደግሞ የታናሽ ወንድሜን የትምህርት ቤት ክፍያ ከእኔ ትጠብቅ ነበር። ለጥፍር ለምታህል ፕላስቲክ 2000 ሪያል! ለወራት ሰውየውን ስረግመው ኖሬያለሁ።

አሁንም ያደረገው ልክ ነው አልልም፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ግን ለምን መጀመሪያ ስባሪዋን እንደጠየቀ የገባኝ ኮንትራቴ አልቆ፣ ነቅል ከፋላ አድርጌ ሁለተኛ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እዚህ ያለው ባባ ሽማግሌ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ፣ ከእነዚህ መኪኖች አሥራ አንድ አሏቸው። መጀመሪያ ቀን ሳያቸው እግሬ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው ናቸው እያሳዩ ያስተማሩኝ፣ ቀሪውን ደግሞ ማታ ማታ በስልኬ እየፈለግኩ አነበብኩ።

ምንድን ናት?

የእነዚህ መኪኖች ስም ሞዴል ነው። አንድ በእውነት የነበረ መኪና ተለክቶ፣ ሁሉ ነገሩ በአንድ ልክ አንሶ የተሠራ ማለት ነው። ሳጥኗ ላይ ብዙ ጊዜ 1:18 የሚል ታያለሽ። ትልቁ መኪና በቁመትም በጎንም በከፍታም 18 ጊዜ አንሷል ማለት ነው። ትልቁ አራት ሜትር ቢሆን ትንሿ 22 ሳንቲ ሜትር፣ ያው አንድ ስንዝር ትሆናለች። የትልቁ መኪና የጎን መስታወት መዳፍሽን ቢያህል፣ የትንሿ ምስር ያህላል። 1:43 የሚል ካየሽ ደግሞ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ናት። 1:8 የሚል ካየሽ አንድ ክንድ ትሆናለች፣ እሷን ጭራሽ አትጠጊያት። አማልጋም የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት በዚህ ልክ የሚሠራቸው ሞዴሎች ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የሚሸጡ አሏቸው። አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ነው፣ አንቺው አስይው።

ባባ በጣም የሚወዷት ብርማዋ መርሴዲስ ደብልዩ 196 ናት። ሲኤምሲ የሚባል የጀርመን ድርጅት ነው የሚያሠራት። ሥራው የሚሠራው ግን ቻይና ውስጥ ነው፣ በእጅ፣ ብዙ ቁርጥራጭ እየተገጣጠመ። ጎማዋ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ በአንድ የገቡ ናቸው። የሞተር ክዳኗ ይነሳል፣ ሥሩ ቱቦውና ገመዱ ሁሉ አለ። መቀመጫዋ እውነተኛ ጨርቅ ነው፣ አራት ማዕዘን ጥለት ያለው። እኔ መጀመሪያ ሳየው የገረመኝ የባለቤቶቹ ሀብት አይደለም። አንድ ሠራተኛ እዚያ ፋብሪካ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን አጥብቦ ያን ሽቦ በወረንጦ ሲያስገባ ነው የታየኝ። እኔ ደግሞ በሌላ አገር በጨርቅ ስነቅለው።

ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ይከፍሉባታል?

ይሄን ካላወቅሽ «ሀብታሞች ሲጠግቡ» ብለሽ ታልፊያለሽ። ከፊሉ እሱም ነው። ግን ትልቁ መኪና ታሪክ አለው፣ ታሪኩን ስትሰሚ ሰውየው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ትንሽ ይገባሻል።

መርሴዲስ ይህን መኪና ያወጣው ለፎርሙላ ዋን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረው በ1954 ሐምሌ 4 ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ፈረንሳይ ውስጥ ራንስ በሚባል ከተማ ነው። በዚያው ቀን አንደኛና ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው ሹፌር ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ ይባላል። አርጀንቲናዊ ነው፣ ወላጆቹ ግን ከጣሊያን የተሰደዱ ሰዎች ናቸው። ባልካርሴ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው ያደገው፣ በልጅነቱ ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ ገባ። ይህ የጋራዥ ልጅ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1951፣ ከዚያ ከ1954 እስከ 1957 በተከታታይ። እስከ 2003 ድረስ፣ ሚካኤል ሹማከር ስድስተኛውን እስኪያገኝ፣ ማንም አልበለጠውም።

ራንስ ላይ የነበረው መኪና ገላው ጎማዎቹን ሁሉ የሸፈነ ነበር፣ ለፍጥነት ብለው። ሁለት ሳምንት ቆይተው እንግሊዝ አገር ሲልቨርስቶን ሲሄዱ ግን ፋንጂዮ ጎማው የት እንዳለቀ አልታይ አለውና በመንገዱ ዳር ምልክት ተብለው የቆሙትን በርሜሎች እየገጨ፣ የመኪናውን ገላ አጎድጉዶ አራተኛ ወጣ። ስለዚህ ቀጥሎ ጀርመን ላይ ጎማው ወደ ውጭ የወጣ ሌላ ገላ ሠሩለት፣ በእሱም አሸነፈ። የባባ ሞዴል ይቺ ጎማዋ የወጣው ናት። ባባ ይህን ሲነግሩኝ የዓለም ሻምፒዮኑም ይገጫል ለካ ብዬ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ።

ሌላው የማልረሳው የ1955 ውድድር ነው፣ ቦነስ አይረስ፣ ጥር 16። እዚያ ጥር በጋ ነው። ሙቀቱ ሹፌሮቹን ጣላቸው፤ እየወጡ ሌላ ሰው መኪናቸውን እየተቀበለ ሦስት ሰዓት ያህል ነዱ። ሳይቀየሩ እስከ መጨረሻ የነዱት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም አርጀንቲናውያን፤ ፋንጂዮና ሮቤርቶ ሚየሬስ። ፋንጂዮ በጋለው የመኪናው ብረት እግሩ እየተቃጠለ ነው አሸንፎ የወጣው። ነሐሴ ላይ ጅዳ ውስጥ ሰገነት ላይ ልብስ ያሰጣች ሰው ይሄ ይገባታል።

በዚያው ዓመት ሰኔ ፈረንሳይ ሌ ማን ላይ የዚህ መኪና እህት የሆነ ሌላ የመርሴዲስ መኪና ተመልካች መሀል ገብቶ ከ80 በላይ ሰው ሞተ። ዓመቱ ሲያልቅ መርሴዲስ ከውድድር ወጣ፣ በራሱ ቡድን ወደ ፎርሙላ ዋን የተመለሰው በ2010 ነው። ስለዚህ ደብልዩ 196 የሮጠው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ የተሠሩትም ጥቂት ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ጎማው የተሸፈነው ዓይነት፣ በ2025 የካቲት ወር መጀመሪያ በፈረንጆቹ፣ ጀርመን ሽቱትጋርት ላይ በጨረታ ከ51 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠ። በትክክል ጽፌያለሁ፣ ሚሊዮን ነው። ትልቁን መግዛት የማይችለው ሀብታም ትንሿን ይገዛል ማለት ነው። እዚህ ጅዳ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ኮርኒሹ ላይ ፎርሙላ ዋን ይካሄዳል፤ ከዚያ ወዲህ በማውቃቸው ቤቶች ሁሉ የዚህ ነገር ፍቅር ጨምሯል። አቧራ ጠራጊዋ እኔና አንቺ ነን።

ውዷን ከርካሿ እንዴት ትለያለሽ?

ክብደት አያታልልሽ። ብዙዎቹ ሞዴሎች፣ ርካሹም ውዱም፣ ዚንክ ካለበት ብረት ስለሚሠሩ ይከብዳሉ። ሬዚን ከሚባለው ፕላስቲክ መሰል ነገር የሚሠሩት ግን ቀላል ሆነው ሳለ በጣም ውድ አሉ። ይልቅ ጎማውን እይ። ሽቦዎቹ እያንዳንዳቸው ቀጭን ብረት ሆነው በመካከላቸው ወዲያ ማዶ ከታየሽ ውድ ናት። አንድ ላይ የተቀረጸ ፕላስቲክ ከሆነ ብዙ ጊዜ ርካሽ ናት። ከሥሯ የሠሪው ስም ይጻፋል። ቡራጎ ወይም ማይስቶ የሚል ከሆነ 1:18 ሆናም ብዙውን ጊዜ ከ200 ሪያል አትበልጥም። ሲኤምሲ የሚል ከሆነ ግን ከ1000 ሪያል በላይ አድርገሽ አስቢያት፣ ፋብሪካው መሥራት ያቆማት ከሆነች ደግሞ ከዚያም እጥፍ ልትሆን ትችላለች። ስሙን ለማየት ብለሽ ግን አታገላብጫት፣ ሳጥኗ ላይ አለ።

ሳጥኗ ካልኩ አይቀር፣ ይህን በደንብ ስሚኝ። ባዶ ካርቶን መጋዘን ውስጥ ወይም ቁምሳጥን ላይ ታገኛለሽ፣ ውስጡ ነጭ ፎም ያለው። ባዶ ነው ብለሽ እንዳትጥዪው። እነዚህን መኪኖች የሚሰበስቡ ሰዎች መልሰው ሲሸጡ ሳጥኑን፣ ፎሙን፣ ውስጡ ያለችውን ወረቀት ሳይቀር አብረው ይፈልጋሉ። ሳጥን የሌላት መኪና ዋጋዋ ይወርዳል። ጎረቤት የምትሠራ አንዲት የደሴ ልጅ ለረመዳን ጽዳት ብላ አምስት ባዶ ካርቶን አውጥታ ጣለች፣ ማዳም ራሷ «ጣዪው» ብላት። ሰውየው ሲመጣ ማዳም ዝም አለች።

ከመንካትሽ በፊት

ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ማዳም ጥረጊ ትላለች፣ ባባ አትንኪ ይላሉ። መሀል ላይ አንቺ ትቆሚያለሽ። አቧራ ከታየ ጥፋቱ ያንቺ፣ ከተሰበረም ጥፋቱ ያንቺ። እኔ አሁን የማደርገው ሁለቱ አንድ ላይ ባሉበት መጠየቅ ነው፣ ምሳ ላይ ወይም ሻይ ሳቀርብ። «ባባ፣ አስ-ሰያራት፣ አልምስ ወላ ላእ?» ልንካ ወይስ አልንካ ነው። መልሱን ሁለቱም ከሰሙ በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ በመካከላቸው ይሆናል። አትንኪ ካሉሽ ደስ ይበልሽ፣ መደርደሪያውን ብቻ በሩቁ ጥረጊ።

አዲስ ቤት ስትገቢ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት መደርደሪያውን በዓይንሽ ብቻ ፈትሺ። መስታወቷ የወለቀ፣ ቀለሟ የተላጠ፣ ጎማዋ ያዘነበለ ካለ ያን ቀን ተናገሪ። «ማማ፣ ሃዳ መክሱር ሚን አወል» በያት፣ ይሄ ከመጀመሪያውም የተሰበረ ነው ማለት ነው። መጥታ በዓይኗ ትይ። ፎቶ አንሺ የሚሉ አሉ፣ እኔ አልመክርም። የሳዑዲ የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ በሞባይል ካሜራ የሰውን ግላዊ ሕይወት መንካትን ያስቀጣል፣ አንቺ መኪና አነሳሁ ብትዪም ቤታቸውን አነሳች ይሉሻል። ከዚያ ይልቅ ለማዳም በዋትሳፕ ድምፅ መልእክት ላኪላት። ቀኑና ሰዓቱ እዚያው ይቀመጣል። ያረጁ ሞዴሎች ደግሞ ማንም ሳይነካቸው ብረታቸው የሚሰነጠቅና የሚያብጥ አሉ፤ ሲሠራ ዚንኩ ውስጥ እርሳስ ከተቀላቀለ ከዓመታት በኋላ ራሱን ይበላል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ካየሽ በጊዜ አሳዪ።

ጥረጊ ከተባልሽ

እርጥብ ጨርቅ የለም። የላባ መጥረጊያ ጭራሽ የለም፣ ላባው መስታወቷንና የጎማ ሽቦዋን እየያዘ ይነቅላል። የሚያስፈልግሽ አዲስ የሜካፕ ብሩሽ ነው፣ ያ ለፊት ፓውደር የሚሆነው ትልቁና ለስላሳው። ኩል ወይም ክሬም የነካው አይሁን። ደረቁን፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳትጫኚ። ቀለበትሽንና አምባርሽን አውልቂ፣ የሻሽሽን ጫፍ ወደ ኋላ አድርጊ፣ እጅጌሽን ሰብስቢ። የኔዋ ጓደኛ መኪና የጣለችው በእጇ አይደለም፣ በአባያዋ እጅጌ ነው።

ማንሳት ግድ ከሆነ በሁለት እጅ፣ ከሆዷ ሥር። ከጎማ፣ ከመሪ፣ ከመስታወት አትያዣት። የሞተር ክዳኗ የሚነሳ መሆኑን አትርሺ፤ ከላይ ከያዝሻት ክዳኑ እጅሽ ላይ ይቀርና መኪናዋ ሴራሚኩ ላይ ትወርዳለች። አንድ በአንድ፣ የታጠፈ ፎጣ ላይ አድርጊያቸው። ፎጣ የምልሽ ጎማዎቹ ስለሚሽከረከሩ ነው፤ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ዘወር ስትዪ ራሷ ነድታ ትሄዳለች። እጅሽ ደረቅ ይሁን። የላብ አሻራ ብርማ ቀለም ላይ ቆይቶ ምልክት ያወጣል፣ የጥጥ ጓንት ካለ ይሻላል።

የመስኮት ማጽጃ ስፕሬይ፣ በረኪና፣ አልኮል፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አንዳቸውም እንዳይነኳት። ፕላስቲኩን ያደበዝዙታል፣ ቀለሙን ያነሱታል። ባኹር ስታጨሺና ዑድ ስትረጪ ከመደርደሪያው ራቅ በይ፤ ቅባቱ ላይዋ ያርፍና አቧራውን ያጣብቀዋል፣ ከዚያ በኋላ በብሩሽ አይወጣም። ለጽዳት ብለሽ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይም አትደርድሪያቸው። የሬዚኖቹ በሙቀት ይጣመማሉ፣ ጎማውም ይደርቃል።

ቢሰበርስ?

እዚህ ላይ ነው የኔ ሁለት ሺህ ሪያል የሄደው። ስባሪዋን አትጣዪ። ምስር ብታህልም፣ ፀጉር ብትመስልም። ዋናዋ ቁራጭ ካለች የሚያውቅ ሰው መልሶ ይገጥማታል፣ መኪናዋም ዋጋዋን ብዙ ሳታጣ ትቀራለች። ቁራጯ ከጠፋች ግን ሌላ ማግኘት ከባድ ነው፤ ለዚያች አንድ ሞዴል ብቻ ነው የተሠራችው። የመጀመሪያው ቤት ሰውዬ ለምን ስባሪዋን እንደጠየቀኝ አሁን ገባሽ።

ሌላው፣ ራስሽ አትለጥፊ። በተለይ ሱፐር ግሉ። ሲደርቅ ጭሱ ፕላስቲክና ቀለም ላይ ነጭ ጉም ትቶ ያልፋል፣ ያ ጉም አይለቅም። አንዲት ጠብታ የተሰበረውን ሳይሆን ደህናውን ታበላሻለች። ቁራጯን በትንሽ ፌስታል አድርገሽ፣ አፉን አስረሽ፣ በዚያው ቀን ውሰጂና ስጪ። መፍራትሽ ግልጽ ነው፣ እኔም ከዚያ ሁሉ በኋላ እፈራለሁ። ግን የዛሬ ቁጣና ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚመጣ ቁጣ አንድ አይደሉም። የኋለኛው «ሌላስ ምን ደብቃለች?» የሚል ይጨምራል፣ ወርቅ የጠፋ ቀን ደግሞ የሚጠሩት አንቺን ነው።

ስለ ደሞዙ። ሳዑዲ ውስጥ ያለው የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪ እንደፈለገ እንዲቆርጥ አይፈቅድም። የሚቆረጠው ሆን ብለሽ ወይም በቸልተኝነት ላበላሸሽው፣ አስቀድመሽ ለወሰድሽው ብድር፣ ወይም በፍርድ ለተወሰነብሽ ነው፣ እሱም ከወር ደሞዝሽ ግማሽ መብለጥ የለበትም። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ዜሮ ነው የገባልኝ፣ ይሄ ከደንቡ ውጪ ነው፣ ያኔ ግን አላውቅም ነበር። ደሞዝሽ በባንክ የሚገባ ከሆነ የጎደለው በወረቀት ይታያል፣ አትጥፊው። አቤቱታ በሙሳነድና በሰው ኃይል ሚኒስቴር በኩል ይቀርባል። ቤሩት ያላችሁ እህቶች ግን የሊባኖስ የ1946 የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን ስለማይጨምር የናንተ ነገር በኮንትራታችሁ ላይ በተጻፈው ይወሰናል። ኮንትራታችሁን ዐረብኛ በሚያነብ ሰው አስነብቡ።

ዋጋዋ ይህን ያህል ነው ሲሉሽም ዝም ብለሽ አትቀበዪ። አክብረሽ የሞዴሏን ስምና የሠሪውን ስም ጠይቂ፣ ኢንተርኔት ላይ ጻፊውና ተመሳሳይዋ በስንት እንደምትሸጥ እይ። የተሰበረችው ምስር የምታህል ቁራጭ ሆና የሙሉ መኪና ዋጋ ከጠየቁሽ፣ ማስጠገኛው ስንት ነው ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ጨዋ ሆነሽ የጠየቅሽው ጥያቄ ስድብ አይደለም።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ቤት አንድ ነገር ገጠመኝ። ምንጣፉን በመክነሳ ስጠርግ ቆይቼ ቀና ስል የብርማዋ መርሴዲስ የግራ መስታወት የለችም። መደርደሪያው ላይም የለችም። ከወረደች ምንጣፉ ላይ ነው የወረደችው፣ ምንጣፉን ደግሞ ጠርጌዋለሁ። የመክነሳውን ከረጢት አወጣሁ፣ ሰገነት ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ አቧራውን እንደ ምስር መልቀም ጀመርኩ። ነፋስ እንዳይወስድብኝ ጀርባዬን አዙሬ። ፀጉር፣ የሩዝ ፍሬ፣ የልጆቹ ሌጎ፣ አንድ የጆሮ ጌጥ ቡሽ። ከዙህር እስከ ዐስር ድረስ ለቀምኩ። አገኘኋት።

በፌስታል አድርጌ ባባ ዘንድ ይዤ ሄድኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ከፌስታሉ መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጓት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ፀጉሬ ላይ ሁሉ አቧራ ነበር። «ዌን ለገይቲሃ?» አሉኝ፣ የት አገኘሻት ማለታቸው ነው። ነገርኳቸው። አንድም ሪያል አልተቆረጠብኝም። በወረንጦና በራሳቸው ማጣበቂያ አንድ ማታ ሙሉ ወስደው መልሰው ለጠፏት። ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ብላለች፣ እንግዳ አያውቅባትም፣ እኔና እሳቸው ግን እናውቃለን።